38 ኪሎ ሜትር ነው ብላችሁ አትፍረዱብን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን እዚህ የማነበው በስልክ ነው፣ እህቴ አዲስ አበባ ትገዛና ፎቶ እያነሳች በቴሌግራም ትልክልኛለች፣ አንዳንዴ ጣቷ ግማሹን ዓምድ ይሸፍነዋል ግን ለምጄዋለሁ። ባለፈው ከላከችልኝ ውስጥ የጉዞ ገጻችሁ ጥግ ላይ ያለችውን ሳጥን አየኋት፣ ከየት ወዴት በአውሮፕላን ስንት ኪሎ ሜትር ስንት ደቂቃ የምትለዋን። ጥሩ ሀሳብ ነው፣ ሰው ይጠቀምበታል አልጠላሁም። ግን ይቺ ነገር ሆዴ ውስጥ የቆየ ቁስል ነካችብኝ፣ ስለዚ ልጻፍ አልኩ፣ ከረዘመባችሁ እንደፈለጋችሁ ቁረጡት።

የምኖረው ቫድሶ ነው። የት ነው እንዳትሉኝ፣ የኖርዌይን ካርታ አውጡና ጣታችሁን ወደ ላይ ወደ ላይ እያስኬዳችሁ ሂዱ፣ አለቀ ስትሉ ደግሞ ወደ ቀኝ ታጠፉ፣ ሩሲያ ልትገቡ ስትሉ ቁሙ። እዛ ጋ ነን። ሰዉ ስድስት ሺህ አይሞላም፣ ባሕሩ ፊት ለፊት ነው፣ ከባሕሩ ማዶ ያለው ተራራ ቀኑ ጥሩ ከሆነ ከኩሽናዬ መስኮት ይታየኛል። ማዶ ያለችው ከተማ ኪርከነስ ትባላለች፣ ፊደሉን ስታነቡት ኪርከነስ ነው እንጂ የአገሩ ሰው ሺርከነስ ነው የሚላት፣ እኔ መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ በዚህ ብቻ ስንት ተሳቀብኝ።

እንግዲህ የሁለቱን ኤርፖርቶች ርቀት ኦንላይን ብትጠይቁ 38 ኪሎ ሜትር ይላችኋል። እውነት ነው፣ አልዋሸም። ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ እንኳን አይሞላም ማለት ነው። በመኪና ግን ባሕሩን ዞራችሁ ነው የምትሄዱት፣ ከቫድሶ ወደ ምዕራብ ቫራንገርቦትን እስከምትባለው የባሕሩ ጫፍ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዛ ተጠማዞ ወደ ምሥራቅ እስከ ኪርከነስ ሌላ 120፣ ድምሩ 170 ኪሎ ሜትር። በበጋ ሁለት ሰዓት ከሩብ። በክረምት እግዜር እንዳለው ነው፣ ክረምት ስል የዚህን አገር በረዶ ማለቴ ነው እንጂ የሐምሌን ዝናብ አይደለም።

አሁን ወደ ቁስሌ ልምጣ። የዛሬ ሦስት ዓመት በየካቲት፣ ቅዳሜ ማታ ስልኬ ጮኸ። ኦስሎ ያለ ዘመዳችን ነው። ኪርከነስ ያለችው እህታችን (የሥጋ እህቴ አይደለችም፣ ግን እዚህ ቀዝቃዛ ምድር ላይ አብረን ስንት ዓመት ያየን ሰዎች ነን) እናቷ አገር ቤት አርፈዋል፣ እሷ አልሰማችም። መርዶውን እሁድ ጎህ ሳይቀድ እንንገራት፣ ባሏ ስልኳን ደብቆታል፣ ፌስቡክ ላይ አንዱ ነፍስ ይማር ብሎ ሳይለጥፍ ቶሎ መሆን አለበት፣ በዕድሜ ትልቁ አንተ ነህ ስለዚ አንተ ነህ አፍህን የምትከፍተው አለኝ። እሺ፣ ግን እንዴት ነው የምደርሰው፣ እስከ ነገ ከሰዓት በኋላ አውሮፕላን የለም ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ "አሁን ኢንተርኔት ላይ አይቼዋለሁ፣ 38 ኪሎ ሜትር ነው፣ በረራው ግማሽ ሰዓት ነው ይላል፣ ለአንድ ለቅሶ ግማሽ ሰዓት ታስባለህ እንዴ?" ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ቃሉ እስካሁን ይቆረቁረኛል።

ታሪኩን እጨርሰዋለሁ፣ ግን መጀመሪያ ያቺ ግማሽ ሰዓት ከየት እንደመጣች ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም በኋላ ተናድጄ አጣርቼዋለሁ። ብዙዎቹ ካልኩሌተሮች የሚሠሩት እንዲህ ነው። የሁለቱን ኤርፖርት ኬክሮስና ኬንትሮስ ይወስዱና በምድር ክብ ላይ ያለውን አጭሩን መስመር ያሰላሉ፣ ብርቱካን ላይ ክር ወጥራችሁ ከነጥብ ነጥብ እንደምትለኩት ማለት ነው። እዚህ ድረስ ልክ ነው። ቀጥሎ ርቀቱን በትልቅ ጄት ፍጥነት በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ያካፍሉና ለመነሻና ለማረፊያ ብለው ግማሽ ሰዓት ይደምሩበታል። 38ን ለ800 ስታካፍሉ ሦስት ደቂቃ አይሞላም፣ ግማሽ ሰዓቷን ጨምሩበት፣ 33 ደቂቃ። በቃ ይኸው ነው ሳይንሱ። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ቢሆን ብዙም አይስትም፣ እኛ ጋ ሲመጣ ግን አውሮፕላኑም ጄት አይደለም፣ መንገዱም ያ መንገድ አይደለም፣ ሰዓቱም ያ ሰዓት አይደለም።

አውሮፕላኑ ዳሽ 8 የሚባል ባለ ሁለት ፕሮፔለር ነው፣ 39 ሰው ነው የሚይዘው፣ ሲሮጥ ቢሮጥ በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ያም የሚሮጥበት ርቀት ካገኘ ነው። ከቫድሶ ኪርከነስ የሚያገኘው ርቀት የለም፣ ሽቅብ ወጥቶ ቀና ሳይል ይወርዳል። በእውነተኛው ፕሮግራም 15 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ከ33ቱ ማነሱ ነው ደግሞ የሚገርመው፣ ካልኩሌተሩ በሁለቱም በኩል ተሳስቷል ማለት ነው፣ የአየሩን ጊዜ አበዛው የጉዞውን ጊዜ አሳነሰው። ምክንያቱም አስቡት፣ ከቤቴ ኤርፖርት 10 ደቂቃ፣ እዛ ቁጭ ብሎ መጠበቅ 45 ደቂቃ፣ በረራው 15፣ ሻንጣ 10፣ ከኪርከነስ ኤርፖርት ከተማው 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ታክሲ ወይ ባስ 20 ደቂቃ። አንድ ሰዓት ከአርባ ሆነ። በመኪና ሁለት ከሩብ አልኳችሁ አይደል? ስለዚ አውሮፕላኑ ያተረፈልኝ ግማሽ ሰዓት ነው፣ ያውም ብሩን ሳናነሳ።

ይሄ ሁሉ ታዲያ አውሮፕላኑ በሰዓቱ ሲሄድ ነው። እዚህ ዳርቻ ያሉት ትናንሽ ኤርፖርቶች ማኮብኮቢያቸው 800 ሜትር ገደማ ነው፣ ቦሌ 3.8 ኪሎ ሜትር ነው ያለው ብላችሁ አወዳድሩት። 800 ሜትር ላይ በረዶ ተጋግሮ ንፋሱ ከጎን ሲመታ ፓይለቱ ቢፈራ አይፈረድበትም፣ ባይፈራ ነው እኔ የምፈራው። አንዳንዴ ከተማችሁ ላይ ደርሶ መብራቱን እያያችሁት ማረፍ አልቻልንም ብሎ አልፏችሁ ይሄድና ሌላ ቦታ ያወርዳችኋል፣ ከዛ በባስ ትመለሳላችሁ። ይሄ ደርሶብኛል፣ ቤቴን ከላይ አይቼው ከአምስት ሰዓት በኋላ ነው የገባሁት።

ደግሞ አካሄዱ እንደኛ ሚኒባስ ነው። በባሕሩ ዳርቻ ቫርዶ፣ ቦትስፍዮርድ፣ ቤርሌቮግ፣ መሃምን፣ ሆኒንግስቮግ፣ ሃመርፈስት የሚባሉ የዓሣ ከተሞች ተደርድረዋል፣ አውሮፕላኑ እንደየፕሮግራሙ እየወረደ እየተነሳ ይሄዳል፣ ወራጅ አለ ማለት ብቻ ነው የቀረው። ወራጅ ይወርዳል፣ የምትቀጥሉት ቀበቷችሁን ሳትፈቱ ተቀምጣችሁ ትጠብቃላችሁ፣ በሩ ተከፍቶ ብርዱ ገብቶ ይሰልቃችኋል፣ ሁለት ሰው ይገባል፣ እንደገና ሽቅብ። ከኪርከነስ ትሮምሶ በቀጥታው 420 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቀጥታ ፍላይት ካገኘህ አንድ ሰዓት ነው፣ በዚች ሚኒባስ ከሄድክ ግን ግማሽ ቀንህን በልታው ነው። ካልኩሌተሩ ለሁለቱም አንድ ቁጥር ነው የሚሰጥህ።

ቅሬታ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ይሄ ነገር ባይኖር እዚህ ሰው አይኖርም። ለንግድ የማያዋጡትን መስመሮች መንግሥት ጨረታ አውጥቶ ኪሳራውን እየከፈለ ነው የሚያስበርራቸው። ሆስፒታሉ ኪርከነስ ነው፣ እኛ ጋ የወሊድ ክፍል የለም፣ የመጀመሪያ ልጄ የተወለደችው ማዶ ነው፣ ሚስቴን በአምቡላንስ አውሮፕላን ነው የወሰዷት፣ ያን ቀን 38 ኪሎ ሜትር 38 ኪሎ ሜትር ነበረች፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ይገርማችኋል ይሄ ቫድሶ የምላችሁ ትንሽ ከተማ በአየር ጉዞ ታሪክ ትልቅ ስም አላት። ደሴቷ ላይ እስካሁን የቆመ የብረት ማማ አለ፣ በ1926 በፈረንጆች አሳሹ አሙንድሰንና ጣሊያናዊው ኖቢሌ ሰሜን ዋልታን ያቋረጡባት ኖርጌ የተባለችው የአየር መርከብ ወደ ስቫልባርድ ስትሄድ የታሰረችው እዛ ላይ ነው፣ ልክ በቅሎ ግንድ ላይ እንደሚታሰር። ከስቫልባርድ ተነስተው ዋልታውን አቋርጠው አላስካ እስኪወርዱ ሦስት ቀን ግድም ነው የፈጀባቸው። ልጆቼን በስኪ እዛ እወስዳቸዋለሁ፣ ማማውን አይተው ሲያበቁ ብርድ ብርድ እያሉ ያለቅሳሉ።

ሌላ ሰው የማያስበው ነገር ካርታው ነው። ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የነበረው ካርታ ሰሜኑን ይለጥጠዋል፣ እኛ ባለንበት በ70 ዲግሪ አካባቢ ርዝመቱ ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ስለዚ አገር ቤት ያለ ሰው ካርታ ሲያይ ኡፍ እንዴት ሩቅ ነው ይላል፣ ካልኩሌተር ሲያይ ደግሞ እንዴት ቅርብ ነው ይላል፣ ሁለቱም አያገኙንም። አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ አዲስ አበባ ላይ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እኛ ጋ 38 ብቻ (ይቺ 38 አለቀቀችኝም)። ሰዓቱም እንደዛው ግራ ነው። ቫርዶ ከኢስታንቡል ይልቅ ወደ ምሥራቅ ነች ብላቸው ማን ያምነኛል፣ ግን ሰዓቷ የፓሪስ ነው። ከኪርከነስ ተነስታችሁ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወደ ፊንላንድ ስትነዱ፣ ወደ ምዕራብ እየሄዳችሁ ማለት ነው፣ ሰዓታችሁ አንድ ሰዓት ወደፊት ይዘላል፣ ኢቫሎ ኤርፖርት ፍላይት ያላችሁ ሰዎች ይሄን ረስታችሁ እንዳትቀሩ። ፀሐይ ደግሞ በኛ አቆጣጠር ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ እስከ ጥር መጀመሪያ ጭራሽ አትወጣም፣ ጠዋት 2 ሰዓት ይሁን ማታ 2 ሰዓት በመስኮት አይታወቅም።

አገር ቤትም እኮ ነገሩ አዲስ አይደለም። ከጎንደር ኤርፖርት ላሊበላ ኤርፖርት ቀጥታው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በመኪና ግን ወረታ፣ ደብረ ታቦር፣ ጋይንት፣ ጋሸና ብለህ ተጠማዘህ ከ300 በላይ ትነዳለህ። ከላሊበላ አክሱም ደግሞ 240 ገደማ ነው በሰማይ፣ በምድር የሄደበት ሰው ይንገራችሁ፣ እኔ ወጣት ሆኜ ሞክሬው ሁለተኛው ቀን ላይ ነው የደረስኩት። ገጠር ያደገ ሰው ይሄን ካልኩሌተር ሳይኖረው ያውቀዋል፣ ገደል ማዶ ያለ ሰው ጠርቶህ ይሰማሃል፣ ከብቱ የማን እንደሆነ እንኳን ትለየዋለህ፣ ና ቡና ደርሷል ቢልህ ግን ወርደህ ወጥተህ ስትደርስ ቡናው ሳይሆን እራቱ ነው የሚጠብቅህ። አባቴ መንገድ ሲጠየቅ ኪሎ ሜትር ብሎ መልሶ አያውቅም፣ "ማልደህ ከተነሳህ ለምሳ" ወይ "ሳታድር አትደርስም" ነበር የሚለው። ከጉግል ማፕ በፊት የነበረ ጉግል ማፕ።

ስለዚ የምለምናችሁ፣ ሳጥኗን አታጥፏት፣ ግን ከኪሎ ሜትሩና ከበረራው ደቂቃ ጎን አንድ ረድፍ ጨምሩ፣ ከቤት እስከ ቤት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ በረራው በቀን ስንቴ እንዳለ፣ እሁድ አለ ወይ የለም፣ ቀጥታ ነው ወይ አዲስ አበባ ተመልሶ ነው ትራንዚቱ። የአገር ውስጥ መስመር ላይ በተለይ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ሁለት የሰሜን ከተሞች በመስመር ጎረቤት ሆነው ቀጥታ በረራ ከሌለ ተሳፋሪው አዲስ አበባ ወርዶ እንደገና ሽቅብ ነው፣ 240 የተባለው ዘጠኝ መቶ ገደማ ይሆናል። ይቺን ከጻፋችሁ ስንት ቅያሜ ታስቀራላችሁ። ሰርግ የቀረ ሰው፣ ክርስትና ያመለጠው ሰው፣ ቅርብ ሆኖ ቀረብን እየተባለ የሚታማ ሰው ብዙ ነው።

ወደዛች ሌሊት ልመለስ።

ጎህ ሳይቀድ 11 ሰዓት ብለን ተቀጣጠርን፣ በኛ ሰዓት። እዚህ የተወለደ አንድ ልጅ 11 ሲባል በፈረንጅ መስሎት ረፋድ ላይ ሊመጣ ነበር፣ እናቱ ናት ቀስቅሳ ያመጣችው። የመጀመሪያው ፍላይት እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ስለዚ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ መኪናዬን አስነሳሁ። ንፋሱ በረዶውን ከሜዳው እየጠረገ አስፋልቱ ላይ እንደ ጭስ ይነዳዋል፣ ከመኪናው መብራት ፊት ከአንድ ሁለት ምሰሶ በላይ አይታይም፣ ምሰሶ ስል ዳር ዳሩን ለበረዶ ማረሻው የሚተክሏቸውን እንጨቶች ነው፣ ከእንጨት እንጨት እየቆጠርኩ ነው የሄድኩት። ቫራንገርቦትን ስደርስ ነዳጅ ማደያው ዝግ ነው። ከዛ ወዲያ መንገዱ መሃል አጋዘኖች ቆመው ጠበቁኝ፣ ጥሩምባ ብነፋ ብነፋ ንቅንቅ የለም፣ ወርጄ እንደ ከብት ሂድ ዞር በል አልኳቸው በአማርኛ፣ ገባቸው መሰለኝ ሄዱ። ኪርከነስ ልደርስ ስል መንገዱ በኤርፖርቱ በኩል ነው የሚያልፈው፣ ጭልጭል የሚል መብራት ብቻ፣ ሰው የለም። ያቺ 33 ደቂቃ እዛ ጋ ትዝ ብላኝ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ሳቁ ጥሩ ሳቅ አልነበረም።

10 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። ሌሎቹ ሁለት መኪና ውስጥ ሞተር ሳያጠፉ ተጠጋግተው ነበር፣ ብርዱ ከዜሮ በታች 18 ነው። አንዷ እንባዋን ቀድማ ጀምራው ኖሮ ዝም በይ እያሉ ይቆጧታል። ምን ብለን እንደምንገባ ተማከርን፣ ቀስ ብለን፣ መጀመሪያ አሟቸዋል እንበል፣ ከዛ እንደ ሁኔታው። እኔ ቃሉን መንገዱን ሙሉ ስለማመደው ነው ያደርኩት፣ ለማንኛውም ውኃም አስቀርበናል፣ ነጠላም ይዘናል።

ባሏ በሩን ከፈተልን። እሷ በፒጃማ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር፣ ፀጉሯን እያሰረች፣ ምነው በዚህ ሰዓት ልትል አፏን ስትከፍት ከሰዎቹ ኋላ እኔን አየችኝ። ጫማዬን አየች፣ በረዶውን። እዚህ አገር አሥራ አንድ ዓመት የኖረች ሴት ናት፣ ፕሮግራሙን ከኔ በላይ ታውቀዋለች።

"አንተ ከቫድሶ... በዚህ ሰዓት አውሮፕላን የለም እኮ" አለችኝ። ከዛ ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። እኔ ያ ሁሉ የተለማመድኩት ቃል አንዱም አልወጣም።

"እማዬ ናት አይደል?" አለች።

አክባሪያችሁ
ከቫድሶ፣ ሰሜን ኖርዌይ
(ስሜን አታውጡብኝ፣ የኦስሎው ዘመዴ ጋዜጣችሁን ያነባል)